የጋላቢ ሆድ

ሰባት ዓመቴ ሳለ ጠላቴ እናቴ ነበረች። ምግብ ትሰጠኝ ነበር።

ሌላ ልጅ ይህን ቢሰማ ይስቃል። እኔ ግን ጋላቢ ነበርኩ። በእኛ አገር፣ በሱምባዋ ደሴት፣ በውድድር ፈረስ ላይ የሚወጣው ልጅ ነው። ፈረሶቻችን ትንንሽ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ሲቀመጥባቸው ጀርባቸው ይጎብጣል። ኮርቻ የለም። እግርህን ከሆዱ ጋር ታጣብቃለህ፣ ጋማውን ትጨብጣለህ፣ የቀረው የአላህ ነው። ልጁ የከበደ ቀን ይወርዳል፣ ሌላ ይወጣል። የወረደውን ልጅ ስሙን እንኳ የሚያነሳው የለም።

የምጋልበው ጉንቱር የሚባል ጥቁር ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ሀጂ ያሲን ነው። አባቴ ታይብ የሀጂን ፈረሶች ይጠብቅ ነበር፤ ያጥባል፣ ይቀልባል፣ በውድድር ቀን ልጆቹን አንስቶ ጀርባቸው ላይ ያስቀምጣል። ከፈረስ ላይ ሆኜ አባቴን ቁልቁል ሳየው ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ያ ደስ ይለኝ ነበር።

በመንደሩ የሽንኩርት ነጋዴዎች ሚዛን ነበራቸው። ሀጂ ግን ሚዛን አያምንም፤ የሚያምነው ክንዱን ነው። በየጁምዓው ከስግደት ሲመለስ በጋጣው በር ላይ ያሰልፈናል። ሸሚዛችንን እናወልቃለን። በብብታችን ይይዘንና ወደ ላይ ያነሳናል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያቆየናል፣ ያወርደናል። "ላባ" ካለ ጉዳይህ አልቋል፣ ሳምንቱ የአንተ ነው። ዝም ካለ እንቅልፍ የለህም።

በዚያ ዓመት ሩዙ ታጭዶ እንዳለቀ አነሳኝ። ቆየ። ከወትሮው ትንሽ በለጠ። ከዚያ አስቀመጠኝና ከጭንቅላቴ በላይ አባቴን አየው።

"ታይብ፣ ይሄ ልጅ ምን እየበላ ነው?"

አባቴ ሳቀ። የሳቀው በአፉ ብቻ ነበር። "እናቱ ናት ሀጂ። እናት መሆኗ አይደል፣ ታጎርሰዋለች።"

"ንገራት። ፈረስ ነው የያዝነው እንጂ ልጅ አናደልብም በላት።"

ልጆቹ ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ጁናይድ ነው። ጁናይድ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፣ በክብደት ግን ያንሳል። "ሀጂ፣ ለሹዓይብ ጎሽ ይፈለግለት!" አለ። "የጉንቱር ወገብ ከሚቆረጥ!"

ወንዙ ዳር ስንሄድ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። ትከሻችንን ወደ ፊት እናመጣና ከአንገታችን ስር ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ እናፈሳለን። ውሃው ብዙ የቆየለት ያሸንፋል። የጁናይድ አንገት እንደ ሰሃን ውሃ ይይዛል፤ አንዴ ትንሽ ዓሳ ሁሉ አስገብቶበት አሳይቶናል። በዚያ ጁምዓ የእኔ ውሃ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ፈሰሰ።

"ሞልቷል" አለ ጁናይድ፣ በጣቱ አንገቴን እየነካካ። "ጉድጓዱን ሩዝ ደፍኖታል።"

ቤት ስደርስ እናቴ ሩዝ በኮኮናት ወተት ቀቅላ፣ ዓሳ በኮምጣጣው ተምር ሂንዲ ሰርታ፣ ሙዝ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ሽታው ከቤታችን መውጫ መሰላል ስር ነው የተቀበለኝ። አፌ ውሃ ሞላ። በአፌ ተናደድኩ።

"ብላ።"

"አልራበኝም።"

"ተራብክ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? ብላ ነው ያልኩህ።"

በላሁ። እናቴ ከፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ታየኛለች። እጄ ከሰሃኑ ወደ አፌ ሲሄድ ዓይኗ አብሮ ይሄዳል። ሳጎድል ትጨምራለች። እምቢ ስል ራሷ ታጎርሰኛለች፤ ጣቶቿ ከንፈሬን ገፍተው ይገባሉ። አንድ ቀን ነከስኳት። እጇን አላነሳችም። "ጥርስህ ደህና ነው" አለች፣ "በእሱ ዓሳውን አኝክበት።"

ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ አስቤ አስቤ መልሱን አግኝቼ ነበር። እናቴ ሴት ልጅ የላትም። ለጎረቤቶች ሁልጊዜ "ሴት ብወልድ ኖሮ ከአጠገቤ አትጠፋም ነበር" ትላለች። እኔን አደልባ፣ ከጉንቱር አውርዳ፣ ቤት አስቀምጣ ሽንኩርት ልታስልጠኝ ነው። ሴት ልታደርገኝ ነው። ነገሩ በግልጽ ይታየኝ ነበር። ሌላ ሰው አለማየቱ ይገርመኝ ነበር።

ቤታችን እንደ ሌላው ሰው ቤት በምሰሶ ላይ የቆመ ነው። ወለሉ ቀርከሃ ስለሆነ ፍርፋሪ ይረግፋል፣ ዶሮዎቹ ከስር ይለቅማሉ። እኔም ከዶሮዎቹ ጋር እቀመጥና ከላይ የሚወራውን እሰማለሁ። ሀጂ ያን ነገር በተናገረ ማግስት አባቴ ለምሳ ሲገባ እዚያ ነበርኩ።

"ሀጂ ምን እንዳለኝ ሰምተሻል? ልጁ ከበደ አለኝ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ይሄ ምን አልሐምዱሊላህ ያስብላል?"

"ልጅሽ ጠነከረ ስትለኝ ምን ልበል? ደረቴን ልድቃ?"

"ማይሙና፣ እያወቅሽ ነው የምታደርጊው።"

"አንተም እያወቅክ ነው የምታደርገው፣ የሹዓይብ አባት።"

ሰሃን ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በነዚህ እጆችህ አንድ ልጅ አንስተህ ሰጥተሃቸዋል። አይበቃም?" አለች።

እኔ ከስር ሆኜ በኩራት ደረቴ ተነፋ። ያ ልጅ እኔ ነኛ። አባቴ እኔን ለሀጂ ሰጥቶኛል፣ እናቴ ደግሞ ልታስመልሰኝ ትፈልጋለች ማለት ነው። ሰው ሲጣላብህ ዋጋ አለህ ማለት ነው።

ያ ልጅ እኔ አልነበርኩም። ማንሱር ነበር፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ለእኔ የተነገረኝ ማካሳር ሄዶ መርከበኛ ሆነ ተብሎ ነው። ሲመጣ ጩቤ ያመጣልኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። መቃብሩ ከሩጫው ሜዳ አጥር ጀርባ ነው፤ በላዩ ላይ አባሮሽ ተጫውቻለሁ። የወደቀው ጋላቢ ሆኖ፣ በእኔ ዕድሜ፣ የሩጫው ሜዳ በሚታጠፍበት መጠምዘዣ ላይ ነው። ፈረሱ ላይ ያወጣው ደግሞ ያኔ ጎረምሳ ሆኖ የሀጂን ጋጣ ይጠርግ የነበረው አባቴ ነው። ይህን ሁሉ አክስቴ የነገረችኝ እናቴን ከቀበርን በኋላ ነበር። ታዲያ ለምን አገባችው ብዬ ጠየቅኳት። "እንደ እሷ ያለቀሰ ሌላ ሰው ስላልነበረ" አለችኝ።

አባቴ ይህን ሁሉ እያወቀ እኔን ለምን እንዳወጣኝ አልጠየቅኩም። እሱንም አልጠየቅኩትም። ፈረስ እንጀራው ነበር። ሌላ መልስ የነበረው አይመስለኝም፤ ቢኖረውም ለእኔ አይሆነኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጦርነት ነበር። አባቴ ፀሐይ ሲበረታ ጆንያ አልብሶ ዳገቱን ያስሮጠኛል። ላቤ በጆንያው ያልፋል፣ ቆዳዬ ይበላኛል። "በርታ ልጄ፣ ትንሽ ቀረህ" ይለኛል። ምን እንደቀረኝ ግን አይነግረኝም። ቤት ስመለስ እናቴ ሰሃን ይዛ ቆማለች። እሱ ያፈሰሰውን እሷ ትሞላለች። ሁለቱም ሲነኩኝ እጃቸው ለስላሳ ነው። በሁለቱም መሐል ያለሁት እኔ ግን ሆዴን በቡጢ እመታ ነበር። የገዛ ሆዴ ለጠላት ያደረ ይመስለኝ ነበር። በፈረሶቹ ገንዳ ውሃ ውስጥ ጎኔን እያየሁ አጥንቶቼን በጣቴ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን አገኛቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን የሉም። ውሃው ሲንቀሳቀስ እንደ ጎሽ እሰፋለሁ።

መውጫውን ያሳየኝ ጁናይድ ነው። እንዴት እንደሆነ አልናገርም፤ ታሪክ የሚሰሙ ልጆች አሉ። ከእህል ጎተራችን ጀርባ፣ ከሙዝ ተክሎቹ ስር፣ የበላሁትን ማስመለስ ተማርኩ። የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አላለቀስኩም። ሲያልቅ ራሴ ይቀለኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ ይሰማኛል። ያንን ድምፅ የድል ድምፅ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

አሁን ጥርስ የለኝም። ጎልማሳ ሳልሆን ነው መርገፍ የጀመሩት። የከተማው ጥርስ ሐኪም አፌን አብርቶ አየና፣ "አባቴ፣ በልጅነትዎ ሆድዎን ያምዎት ነበር?" አለኝ። አዎ አልኩት። እውነት ነው፣ ያመኝ የነበረው ሆዴን ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ያመጣችውን ሁሉ ሳልከራከር መብላት ጀመርኩ። ጨምሪ እላታለሁ። ፊቷ በራ። ከዘንባባ ስኳርና ከእንቁላል ጣፋጭ ትጋግርልኛለች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ላቤን ትጠርግልኛለች። እኔም በልቤ እስቅባታለሁ። ጁምዓ ደረሰ። ሀጂ አነሳኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ።

"ላባ" አለ።

እናቴ በመንገዱ ማዶ ውሃ ተሸክማ ቆማ ነበር። አየኋት። ፈገግ አልኩባት። እሷ ግን ፊቴን አልነበረም የምታየው፤ የእጄን አንጓ ነበር።

ነገሩ አልገባትም። እህሉ ይገባል፣ ልጁ ይከሳል። ትሎች ናቸው ብላ የፓፓያ ዘር ወቅጣ አጠጣችኝ፤ እንደ ሐሞት ይመራል። አልሆነም። ከዚያ ክንዴ ላይ የታሰረውን ክታብ አየች። ጋላቢ ሁሉ ያስረዋል፤ የፈረሶቹ መድኃኒተኛ ለሀጂ የሰራው ነው። ሀጂ ልጄን በድግምት እያቀለለብኝ ነው ብላ ደመደመች። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ፣ ክታቡን በጥርሷ በጥሳ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።

"እንኳን ክታብ ሌላም ቢሆን እጥላለሁ!" ትላለች። "ይምጣና ይጠይቀኝ ሀጂ! እሱ መካ የሄደው ለዚህ ነው?"

"አንቺ ሴት፣ ሰው ይሰማል" ይላል አባቴ።

"ይስማ! ልጄ አጥንት ሆኖ ሰው ጆሮ አለው እንዴ?"

እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። "ጠላቴ ነሽ!" አልኳት። "ልትገድይኝ ነው! ያለ ክታብ ብወድቅ አንቺ ነሽ!"

መውደቅ የሚለውን ቃል ስትሰማ እጇ በአየር ላይ ቀረ። ያኔ ሊመታኝ የተነሳ እጅ መስሎኝ ጭንቅላቴን ሸፈንኩ።

ያገኘችኝ ትልቁ ውድድር ሲቃረብ ነው። ከጎተራው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል ቆማለች። የጣፋጩ ቀለም ገና መሬቱ ላይ ነበር። አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ዱላ ጠበቅኩ።

"አባትህ ነው ያስተማረህ?"

"አይደለም።"

"ሀጂ ነው?"

"ማንም አይደለም። ራሴ ነኝ።"

"ስንት ጊዜ ሆነህ?"

አፌን በክንዴ ጠረግኩ። ተቀመጠች። ቀሚሷ እዚያው ነክቶ እንደሆነ አላየችም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል። "እኔ ነኛ" አለች፣ ለእኔ አይደለም። "እኔው ነኛ።" ምን ማለቷ እንደሆነ ስላልገባኝ ተነስቼ ሮጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጎረሷን ተወች። ሰሃን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ብበላ ዝም፣ ባልበላ ዝም። አሸነፍኳት አልኩ። በውድድሩ ቀን ጠዋት ግን ከሜዳው አጥር ስር ጠራችኝ። አንድ የተቀቀለ እንቁላልና በቅጠል የተቋጠረ ማር ይዛለች።

"ይህችን ብቻ" አለች። "ይህችን አትመልስብኝ። እንድትከብድ አይደለም፤ እጅህ እንዲጨብጥ ነው። እሺ በለኝ ሹዓይብ።"

ለምና አታውቅም ነበር። እኔም ድል ያደረገ ሰው ቸር ነውና እሺ አልኳት፣ በላሁላት። እጄን ወስዳ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨመቀቻቸው፣ ዱባ እንደሚመርጥ ሰው።

የገባኝ አርጅቼ ነው። የወፈረ ልጅ ይወርዳል። የራበው ልጅ ይወድቃል። በመሐል ለእሷ የሚሆን መንገድ አልነበረም። እኔን ከፈረሱ ለማውረድ ያበሰለችው ሁሉ ወደ ማስመለስ ገፍቶኝ በፈረሱ ላይ ራሴን እንደሚያዞረኝ ስታውቅ፣ ሌላ ምንም ስላልቀራት ወደ ጠላቷ ወገን ዞረች። እንድጋልብ አበላችኝ።

አባቴ አነሳኝ። እጁ ላይ ስሆን ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። የመነሻው በር ተከፈተ። አቧራ፣ የሰው ጩኸት፣ የድምፅ ማጉያው ስማችንን ሲጠራ። ጉንቱር ከስሬ እንደ ጎርፍ ሄደ። ቀጥታው ላይ ጁናይድን አለፍኩት። መጠምዘዣው ላይ ስንደርስ ያ የጆሮዬ ድምፅ መጣ። ዓለም ከዳር እስከ ዳር ጨለመ። ቀኝ እግሬ ለቀቀ። ጎኔ ከፈረሱ ጎን ወረደ፣ መሬቱን አየሁት፣ ቅርብ ነበር። እጄ ግን ጋማውን አለቀቀም። ለምን እንዳልለቀቀ ያኔ ለክታቡ እንኳ ምስጋና መስጠት አልቻልኩም፤ ክታብ አልነበረኝም። በጋማው ተጎትቼ ተመለስኩና አንደኛ ገባሁ።

አባቴ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው። እናቴን ከላይ ሆኜ ፈለግኳት። ከአጥሩ ወዲያ፣ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳሩ ውስጥ ተቀምጣለች። አላየችኝም እንኳ ብዬ ተናደድኩ። የት እንደተቀመጠች አሁን አውቃለሁ። ከማንሱር ጋር ነበረች።

አጥንት ግን ረሃብን ሙሉ በሙሉ አይሰማም። በሚቀጥለው ዓመት ቁመቴ ጨመረ። ሀጂ አነሳኝ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን አወረደኝ። እጁን አራግፎ ቀጣዩን ልጅ አነሳ። ጉንቱርን ለጁናይድ ታናሽ ወንድም ሰጡት። አባቴ ወደ ቤት ሲወስደኝ፣ "በቃ፣ ትምህርት ቤት ትገባለህ" አለኝ። ገባሁ፤ ከእኔ ባነሱ ልጆች መሐል ጉልበቴ ከዴስኩ እየተጋጨ። ብዙም አልቆየሁበት።

በዚያች ቀን እናቴ ዘፈነች። እናቴ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነጭ ሩዝ ቀቀለች፣ የሙዝ አበባ በኮኮናት ሰራች፣ ዓሳ ጠበሰች፣ አክስቴን ጠራች። ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ሆነው ሲሳሳቁ ይሰማል።

"ና የኔ ጌታ፣ ቁጭ በል" አለችኝ። "አሁን ብላ። ከእንግዲህ ማንም አያነሳህም።"

"እስቲ አንገቱን እይው" አለች አክስቴ፣ "የዶሮ አንገት! ይሄማ ጠግቦ ማደር አለበት።"

እናቴ ደስ ብሏት ስለነበር በላሁ። ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡን አልክድም። ሰሃኑን ጨረስኩ፣ ደገመችኝ፣ ጨረስኩ። ማንም አልጠበቀኝም፣ ማንም አላስሮጠኝም፣ የሚጠብቀኝ ፈረስ አልነበረም። ተነሳሁ። እግሬ መሰላሉን ወረደ፣ በዶሮዎቹ መሐል አለፈ፣ ከጎተራው ጀርባ ወሰደኝ። የት እየሄድኩ እንደሆነ ያወቅኩት ጎንበስ ስል ነው።

ቀና ስል ቆማለች። እጇ ላይ የዓሳው ቅባት አልደረቀም። ከጋኑ ውሃ ቀድታ አፌን አጠበችኝ፣ አገጬን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ከዚያ ዓይኔ ለዓይኗ እንዲሆን ተንበረከከች።

"አሁን ደግሞ ማን ነው የሚመዝንህ ልጄ?" አለችኝ።

ከቤት አክስቴ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው እያለች ትጣራለች። እናቴ ወደዚያ አልዞረችም። መልሴን እየጠበቀች ነበር፣ እኔም እየፈለግኩ ነበር።